የወንድሜን ኔትወርክ ለማስነሣት ከደሴ ሰባተኛ

ከደሴ የተነሣሁት የታላቅ ወንድሜን ሥራ ላተርፍለት ነው። ሰይድ መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ በማገናኘት ሥራ የሚተዳደር የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። ከረመዳን በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ እጁ ከዳው፣ አንደበቱም ተያዘ። እኔ ደሴ ላይ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ያንኑ ሙያ አስተምራለሁ፤ ወደ ሙያው የገባሁትም እሱን አይቼ ነው።

ባለቤቱ ፋጡማ ደወለችልኝ። ሰይድ የዘረጋው የአንድ ክሊኒክ ኔትወርክ ቆሟል። ሌሎቹ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ትተውታል፤ የቀረው ይኸው ክሊኒክ ብቻ ነው። «እሱ እስኪድን አንቺ መጥተሽ ካቆየሽለት ይጠብቁታል፤ አለበለዚያ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ» አለችኝ። «እስኪድን» የምትለው ቃል ልቤ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ከማሠልጠኛው ፈቃድ ጠይቄ፣ ላፕቶፔን፣ የኬብል ፒንሳዬንና ሁለት ቅያሪ ልብስ በአንድ ቦርሳ ይዤ ንጋት ላይ መናኸሪያ ደረስኩ።

መንገዱ

አውቶቡሱ ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ ሲደርስ ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ የሐርቡ ሰው ናቸው። ሸዋሮቢት ላይ ቆመን ምሳ በላን። ሙቀቱ አስፋልቱን የሚያቀልጥ ይመስላል፤ ማንጎና ሽንኩርት ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ሴትዮዋ ሁለት ማንጎ ገዝተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝና ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

የሳቸውም ባለቤት እንዲሁ ወድቀው እንደነበር፣ አሁን ግን በምርኩዝ መስጊድ ደርሰው እንደሚመለሱ አጫወቱኝ። ደስ አለኝ። ደጋግሜ ጠየቅኋቸው፤ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው፣ ምን አደረጋችሁላቸው፣ ማን አሻቸው። በመጨረሻ መናገርስ ይናገራሉ ወይ አልኳቸው። ማንጎውን መላጥ አቆሙ።

«ሰላት ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል» አሉኝ። «የሚለውን አላህ ይሰማዋል።»

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ተገዛ፤ ሽቅብ ወጥተን የጣርማበርን መሿለኪያ ስናልፍ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየዳበሰ ሄደ። ሸዋሮቢት ላይ የወለቀው ሹራብ ሁሉ ተመልሶ ተለበሰ። እኔ በልቤ የክሊኒኩን ኔትወርክ እየሣልኩ ነበር። የማውቀው ነገር ስለሆነ እሱን ማሰብ ይቀለኝ ነበር።

አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ ወደ መርካቶ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆመ። ረዳቱ «የቸኮለ በእግሩ ይሞክር» አለን። ወርጄ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ በእግሬ ገባሁ። ከኋላዬ ተሸካሚዎች «ወገድ በሉ» እያሉ በጨርቅ ጥቅል ይገፉኛል፤ ከፊቴ የቆመ አይሱዙ እያራገፈ ነው። ሰባተኛ ስደርስ ከአውቶቡሱ ይልቅ ያቺ አጭር መንገድ አድክማኝ ነበር።

ሰይድ ቤት

ቤታቸው ከሱቆቹ ጀርባ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ሰይድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጢሙ በአንድ ወገን ተላጭቶ በሌላው ቀርቷል። እጁን ስሜ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነህ?»

«አዎ» አለኝ።

የምጣድ ክዳን የምታክል ፈገግታ ነበረችው ድሮ፤ አሁን ግማሿ ብቻ መጣች። እናታችን ሰላም ብላሃለች አልኩት። አዎ አለ። በልተሃል ወይ አልኩት። አዎ አለ። ፋጡማ ከኋላዬ ቆማ፣ ከወደቀ ወዲህ የቀረችው ቃል እሷ ብቻ እንደሆነች ነገረችኝ። ሲርበውም፣ ሲያመውም፣ እምቢ ሲልም አዎ ነው የሚለው። ምን ማለቱ እንደሆነ ከዓይኑ ትረዳዋለች፤ አንዳንዴም ትሳሳታለች።

እራት ሲቀርብ ፋጡማ ለሰይድ በማንኪያ አጎረሰችው። በእጇ የማታጎርሰው ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ የወሎ ሰው በማንኪያ ሲያጎርስ አይቼ አላውቅም። ጠየቅኋት። እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ጣቶቿ ቀልተው አብጠዋል። ሰይድ ከወደቀ ወዲህ የበርበሬ ገበያው፣ በርበሬ በረንዳ፣ እየሄደች በክፍያ በርበሬ ትቀነጥሳለች። በዘይትም በሳሙናም ብትታጠብ ቃጠሎው አይለቅም። አንድ ቀን በእጇ ብታጎርሰው ከንፈሩ ተቃጥሎ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱን በእጇ ነክታው አታውቅም።

«ብቻ የክሊኒኩ ሥራ ከቆየለት» አለች፤ አልጨረሰችውም።

ክሊኒኩ

በማግስቱ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ምድር ቤቱ የስፖንጅ ፍራሽ የሚሸጥበት ሕንፃ ነው፤ ደረጃው ላይ ከላይኛው መጋዘን ፍራሽ ተሸክመው ከሚወርዱ ጋር እየተጋፉ በሽተኞች ይወጣሉ። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ምሕረት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። አቀፉኝ፤ ስለ ሰይድ ጠየቁኝ፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገቡ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰይድ ኔትወርኩን እንዲመራ የተከለው ማሽን ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ የላብራቶሪ ውጤት በወረቀት ተጽፎ ከፎቅ ፎቅ በእጅ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት የአንዲት እርጉዝ ሴት ውጤት ከሌላ ሰው ጋር ተለዋወጠ። ሴትዮዋ የሌለባትን በሽታ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፤ አድራሻዋን ፈልገው እስኪያገኟት ድረስ ያለቀሰችውን አላህ ያውቃል።

ሙያውን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ኮምፒውተሮች እንዲነጋገሩ እያንዳንዳቸው ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። ያንን ቁጥር ለጠየቀ ሁሉ የሚያድል አንድ ማሽን አለ፤ አሠራሩን ዲኤችሲፒ እንለዋለን። አዳዩ ከሞተ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን የማይረባ ቁጥር ይፈጥርና ብቻውን ይቀመጣል። አዳዩ ከቁጥሩ ጋር አብሮ የሚሰጠው ሌላ ነገርም አለ፤ ጌትዌይ የሚባል የመውጫ በር። «ከዚህ ውጭ ያለ ነገር ስትፈልግ በዚህ በኩል ውጣ» እንደማለት ነው። የክሊኒኩ የውስጥ ኔትወርክ ግን መውጫ የለውም። ዶክተር ምሕረት ናቸው እንዲህ እንዲሆን የጠየቁት። በዚህ ሰፈር ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፤ የማንም ሰው ደዌ በኢንተርኔት እንዲወጣ አልፈለጉም።

የላብራቶሪው ባለሙያ ሽኩር ቁጭ ብሎ አብሮኝ አየ። የስልጤ ልጅ ነው፤ ሥራውን የሚወድ፣ ሰይድንም የሚወድ። የላብራቶሪው ኮምፒውተር ቁጥሩ በእጅ የተሞላ ስለነበር አልጠፋም፤ ከእሱ ተነሥቼ ሰይድ ይጠቀምበት የነበረውን የቁጥር ሰፈር አወቅሁ። የቀረው አዲስ አዳይ መትከል ነው። በግማሽ ቀን እንደምጨርሰው ለሽኩር ነገርኩት።

ከሰዓት በኋላ ኤሌክትሮኒክስ ወደሚሸጥበት ሕንፃ ሄጄ ቁጥር የሚያድል ትንሽ ራውተር ገዛሁ። ሻጩ ሻይ አዘዘልኝና ዋጋው ላይ እስክንስማማ ድረስ ስለ ደሴ ብርድ ጠየቀኝ። ራውተሩን ክሊኒኩ አምጥቼ የቁጥሩን ሰፈር ሞላሁ፤ ሰካሁ። ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ ነቁ። ሽኩር የመጀመሪያውን ውጤት ላከ፤ የዶክተሯ ክፍል ስክሪን ላይ ወጣ። ሽኩር ዓይኑን በጋውኑ እጅጌ ሲጠርግ አየሁት። ለሰይድ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ማሰብ ጀመርኩ።

ብዙም አልቆየም። የክሊኒኩ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጅ መጥታ ክፍያ ማረጋገጥ እንዳልቻለች ተናገረች። የእሷ ኮምፒውተር በኬብል ከውስጡ ኔትወርክ፣ በዋይፋይ ደግሞ ለክፍያ ብቻ ከተገዛ የኢንተርኔት ሞደም ጋር ይገናኛል። ራውተሩ ከቁጥሩ ጋር «መውጫው እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን ሰጥቷታል። ኮምፒውተሯም አመነው፤ ክፍያውን ሁሉ ወደ እሱ ይልካል፤ እሱ ጋ ግን ወደ ውጭ የሚወስድ ነገር የለም። እዚያው ይቀራል። በመስኮቷ ፊት መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው ተሰልፎ፣ ከፍለናል እያለ ስልኩን ያሳያታል።

የራውተሩን ገጽ ከፍቼ የጌትዌዩን ቦታ ባዶ አደረግሁና ኬብሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ራውተሩ የራሱን ቁጥር መልሶ ሞላው። በዜሮ ሞላሁት። አሁንም መልሶ ራሱን ጻፈ። ርካሽ ራውተር ነው፤ መውጫ የሌለው ቤት አለ ብሎ የሚያስብ አልሠራውም። የተሰለፉት ሰዎች ድምፅ ከፍ እያለ ሲመጣ ራውተሩን ነቀልኩት። ስክሪኖቹ ተመልሰው ሞቱ። ሽኩር የወረቀቱን ጥራዝ ከመሳቢያ አወጣ።

ዓርብ

ሰይድ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ጨርቅ የለበሰ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ጠዋት የወጠንኩት እሱን አዳይ ማድረግ ነው። ፋጡማን ጠየቅኋት። እሱን ከወሰድሽው ሲድን በምን ይሠራል አለችኝ። ሌላ እንገዛለታለን አልኳት። ጨርቁን አንሥታ አጣጠፈችው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ። እሱም ስለ ጌትዌይ ምንም ካልተባለ ራሱን መውጫ አድርጎ ይሰጣል። ዝም ብሎ መተው አይበቃም፤ የጌትዌይን መለያ ቁጥር ጽፎ ከፊቱ ምንም አለመጻፍ ያስፈልጋል። ያኔ «መውጫ የለም» ማለት መሆኑ ይገባዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ቢሆንም ሰይድን ልጠይቀው ፈለግሁ። እንደ ድሮው «እንዲህ አድርጊው» ቢለኝ ፈለግሁ። በልቤ ከዓይኑ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር።

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ስክሪኑን ሲያይ ቀና አለ፤ ግራ እጁም ወደ ኪቦርዱ ሄደች። ሆን ብዬ የተሳሳተውን፣ ጌትዌይ ያለበትን መስመር ጻፍኩ።

«እንዲህ ነው?»

«አዎ።»

አጠፋሁትና ትክክለኛውን ጻፍኩ። «ወይስ እንዲህ?»

«አዎ።»

የዓይኑን ነገር ለማየት ጎንበስ አልኩ። ዓይኑ መስመሩ ላይ አልነበረም፤ በስክሪኑ ላይ እንዲሁ ይንከራተታል፤ ማንበብ ያልተማረ ሰው ጽሑፍ እንደሚያየው። ያኔ ማድረግ ያልነበረብኝን አደረግሁ። በትልልቅ ፊደል፣ በአማርኛ፣ «ሰይድ» ብዬ ጻፍኩ።

«ይሄስ ወንድም ጋሼ? ይሄ ምን ይላል?»

ፊደሎቹን አየ። እኔን አየኝ። ተመልሶ ፊደሎቹን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አዎንም እንኳ አላለም። ምን እየፈተንኩት እንደሆነ ገብቶታል። እንባው ወረደ፤ በሞተው ጉንጩ በኩል ስለነበር መውረዱን አላወቀም፣ አልጠረገውም።

ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። መጥታ በእጇ ልትጠርግለት ቃጣችና ጣቶቿን አስታውሳ መለሰቻቸው። የሻሿን ጫፍ በክንዷ ጎትታ በዚያ ጠረገችለት። እኔ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ተሸካሚ ጠርቼ ኮምፒውተሩን ይዘን ወጣን። ሰይድ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኘን።

ክሊኒኩ ውስጥ ሥራው ቀላል ሆነ። ሰካሁት፤ ቁጥር አደለ፤ ጌትዌይ አልሰጠም። ውጤት ከላብራቶሪ ወደ ዶክተሯ ሄደ፤ መድኃኒት ቤቷም ክፍያዋን አረጋገጠች። ቁጭ ብዬ እስኪመሽ ድረስ እንደሚቆም ጠበቅሁ፤ አልቆመም። ሽኩር ለስላሳ አምጥቶ ሰጠኝ። ትክክለኛ ነገር ሠርቼ እንደዚያ ቀን የከበደኝ የለም።

ዶክተር ምሕረት ክፍላቸው አስጠርተው በሩን ዘጉ። አመሰገኑኝ። ከዚያ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሥራውን የሚረከበውን ልጅ ላስተዋውቅሽ አሉኝ። የሰማሁት መሰለኝ እንጂ አልገባኝም። ሰይድ እስኪድን እኔ በስልክም እየመጣሁም ልይዝለት እንደምችል ነገርኳቸው።

«እስኪድን ያለሽ ማነው ልጄ?»

ፋጡማ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እኔ ያልኳት ሌላ ሰው እስክናገኝ ነው። ሐኪም ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልልም። ደጋግሜ መርምሬዋለሁ። ምናልባት ይራመዳል። በአንጎሉ ውስጥ ቋንቋውና ንባቡ ያሉበት ቦታ ግን ሞቷል። ይህንን ለፋጡማ እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጬ ነግሬያታለሁ።»

ኮምፒውተሩን መልሼ ልውሰደው ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ያቺ እርጉዝ ሴት ትዝ አለችኝ። እዚያው ተውኩት።

ግቢው ውስጥ

ፋጡማ ግቢው ውስጥ ሰፌድ ታቅፋ ለነገ የተሰጣትን በርበሬ ትለቅማለች። አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ዶክተሯ የነገሩኝን ነገርኳት። እንድትቆጣኝ ወይም እንድታለቅስ ጠብቄ ነበር። እጇ ሥራውን አላቆመም።

«አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ነግረውኛል።»

ታዲያ ለምን «እስኪድን» እንዳለችኝ ጠየቅኋት።

«ታሟል ብዬ ስንት ጊዜ ደወልኩላችሁ። ዱዓ እናደርጋለን አላችሁኝ። ሥራ አለ ስልሽ መጣሽ። እኔ የፈለግሁት ሥራውን አይደለም ከድጃ። አብሮኝ የሚያየው ሰው ነው። ብቻዬን እያየሁት እብድ ልሆን ነው።»

ሰፌዱን ተሻማኋትና አብሬያት መልቀም ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ጣቴ ነደደ። ፊቴን እንዳልነካ ነገረችኝ።

መመለስ

በማግስቱ ሰይድን ስሰናበተው በግራ እጁ የቦርሳዬን ማንገቻ ያዘ። ቀስ ብዬ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ፋጡማ ላለማየት ፊቷን አዙራ ነበር። ተማሪዎች አሉኝ፣ ልጆች አሉኝ፤ መቆየት አልችልም ነበር። ወይም አልችልም ማለት ከመቆየት ይቀላል።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ ሻጮች ወደ መስኮቱ መጡ፤ ለሰይድ አንድ ልግዛ ብዬ ቦርሳዬን ከከፈትኩ በኋላ ወደ እሱ ሳይሆን ከእሱ እየሄድኩ መሆኔ ትዝ አለኝ። ቆላው ላይ ስንወርድ ተሳፋሪው መስኮት ከፈተ፣ ሙዚቃ ተከፈተ፤ እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ የተኛሁ መሰልኩ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብባል የምመልሰው የሚያጽናና ነገር የለም። ሙያ ይዤ ስለሄድኩ የምረዳ መስሎኝ ነበር። ሙያው ሠርቷል፤ አሁንም እየሠራ ነው፤ ሽኩር ደውሎ አንድም ቀን አልቆመም ብሎኛል። የዚያ ቤት ሐዘን ግን ሠራተኛ አልጠራም ነበር። ሰው ነበር የጠራው፤ ሰው ደግሞ ከሦስት ቀን በላይ አልቆየለትም።

ደሴ ስደርስ ባለቤቴ መናኸሪያ ጠበቀኝ። ቦርሳዬን ተቀብሎ ሥራው ተሳካ ወይ አለኝ። ተሳክቷል አልኩት። ደስ አለው። ከዚያ፣ ወንድምሽስ መቼ ሥራ ይጀምራል አለኝ።

«ከእንግዲህ ስሙንም አያነብም» አልኩት፤ እዚያው መናኸሪያው መሀል፣ የሚወርደውና የሚሳፈረው ሰው እየገፋን፣ መራመድ አቃተኝ።